ሁለት የተራራ ብስክሌት ከፎር ዊል ጀርባ፦ የመጫኛ ሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፦ ልኬት

ከመኪናዬ ጀርባ ብስክሌት የሚሸከም የብረት መጫኛ ልሠራ ነው። ዛሬ ግን አንድም ብረት አልተቆረጠም። የያዝኩት ሚዛን፣ ሜትር፣ እርሳስና ወረቀት ብቻ ነው።

የሚጫኑት ብስክሌቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ተራ የተራራ ብስክሌት ነው፤ 14 ኪሎ ይመዝናል። ሌላው በባትሪ የሚታገዝ ነው፤ 23 ኪሎ። ባትሪው ሲወጣለት ወደ 20 ይወርዳል። ስለዚህ ባትሪው ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ይጓዛል። 3 ኪሎ ብዙ አይመስልም። ከመኪናው ጀርባ ርቆ ሲቀመጥ ግን ይሰማል፤ ነገ በቁጥር አየዋለሁ።

መኪናው የራሱ ሻንሲ ያለው ፎር ዊል ነው። የኋላ በሩ ወደ ጎን ይከፈታል። ስኮርታ ጎማው እዚያው በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ የተሳቢ መጎተቻ አለ፤ ባለ 2 ኢንች ካሬ ቱቦ የሚገባበት ዓይነት።

የብስክሌቱን ርዝመትም ለካሁ። ከጎማ መሃል እስከ ጎማ መሃል 1.20 ሜትር ነው። ከመሃል ወዲያ ያለው የሁለቱም ጎማ ግማሽ ሲጨመር 1.94 ይሆናል። የመኪናው ወርድ 1.88 ስለሆነ ብስክሌቱ በአግድም ሲቆም በየጎኑ 3 ሳንቲም ያህል ይወጣል። ይህ አያስጨንቅም። እንደ ሱዙኪ ጂምኒ ወርዱ 1.645 ሜትር በሆነ መኪና ላይ ግን በየጎኑ 15 ሳንቲም ገደማ ይወጣል። ጠባብ መንገድ ላይ ቁጥቋጦና ግንድ የሚመታው ያንን ጎማ ነው። ለእንዲህ ያለ መኪና ብስክሌቱን በቁመቱ የሚያንጠለጥል መጫኛ የተሻለ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ማታ፦ የት ይሁን?

ጣራውን ወዲያው ተውኩት። 20 ኪሎ ከራስ በላይ ማንሳት ጀርባ ይጎዳል። ዛፍ ባለበት መንገድ መሪውና ኮርቻው ቅርንጫፍ ይሰበስባሉ። ጎኑ ያዘመመ መንገድ ላይም ክብደቱ ከላይ መሆኑ አይወደድም። መኪናው ውስጥ ማስገባትም ይቻላል፤ ያኔ ግን ጭቃውና የካቴናው ግራሶ ወንበሩ ላይ ነው፣ ሰው የሚቀመጥበትም አይቀርም።

ከኋላ ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው በቀበቶ በበሩ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው ነው። ለአስፋልት የተሠራ ነገር ነው፤ ኮረኮንች ላይ ቀበቶው ይላላል፣ ቀለሙንም ይፍቃል። ስኮርታው በሩ ላይ ከሆነ ደግሞ መደገፊያው በደንብ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም።

ሁለተኛው ስኮርታው ላይ የሚታሰረው ነው። ይህኛውን ረጅም ሰዓት አሰብኩበት፤ እውነተኛ ጥቅም አለውና። ወደ መሬት አይወርድም፣ ስለዚህ መኪናው ከቁልቁለት ሲወጣ አይነካም። በሩ ሲከፈትም አብሮ ይከፈታል። ችግሩ ማጠፊያው ነው። ስኮርታው ከነቸርኬው 30 ኪሎ ያልፋል። መጫኛውና ሁለት ብስክሌት ሲጨመሩ በሩ ከተሠራለት ሸክም በእጥፍ ይበልጣል። በጥሩ መንገድ ላይ አንድ ቀላል ብስክሌት ቢሆን እሺ እል ነበር። ለሁለት፣ ያውም ለኮረኮንች፣ አልልም። የማጠፊያው ፒን ይበላል፣ በሩ መንጫጫት ይጀምራል። ቆይቶም ማጠፊያው የታሰረበት ላሜራ ይሰነጠቃል።

የቀረው መጎተቻው ነው። ከሻንሲው ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ ጭነቱን የሚቀበለው የመኪናው አጥንት ነው። የሚያስከፍለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጭነቱ ወደ ኋላ ይርቃል። ሁለተኛ፣ የኋላ በሩ አይከፈትም። ለሁለተኛው መፍትሔዬ ቀላል ነው፦ ውሃ፣ ክሪክ፣ የጎማ መንፊያና መፍቻ ከኋላ ወንበር ሥር ይገባሉ። ተጣጥፎ ወይም ወደ ጎን ተከፍቶ በሩን የሚለቅ መጫኛ መሥራት ይቻላል። ነገር ግን እያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ ተጨማሪ መነቃነቂያ ነው፤ እኔ ደግሞ ከምንም በላይ የምፈራው መነቃነቅን ነው።

እሑድ፦ ሒሳቡ

ስለ ብስክሌት መጫኛ ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ይችላል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት «ስንት ሳንቲም ይርቃል?» ይመስለኛል። እጀታው የረዘመ መፍቻ ጠንካራውን ብሎን በቀላሉ እንደሚያዞር ሁሉ፣ የራቀ ብስክሌትም መጎተቻውን ከክብደቱ በላይ ይጠመዝዘዋል።

ስኮርታውንና ፔዳሉን ለማለፍ የመጀመሪያው ብስክሌት ከመጎተቻው ፒን፣ ማለትም ቱቦውን መጎተቻው ውስጥ ከሚይዘው ዘንግ፣ 45 ሳንቲም መራቅ አለበት። ሁለተኛው ከእሱ 25 ሳንቲም ርቆ 70 ላይ ይቆማል። መጫኛው ራሱ 18 ኪሎ ይሆናል ብዬ ገምቻለሁ፤ የክብደቱ መሃል 40 ሳንቲም ላይ ነው።

ከባዱን ከውጭ፣ ባትሪውንም ሳላወጣ ብጭን ፒኑ አካባቢ የሚመጣው ጥምዘዛ ወደ 290 ኒውተን ሜትር ነው። ባትሪውን አውጥቼ ከባዱን ወደ መኪናው ሳስጠጋ 255 ይሆናል። ምንም ብረት ሳይጨመር አንድ ስምንተኛ ያህል ቀነሰ። ስለዚህ ሕጉ ይኸው፦ ከባዱ ሁልጊዜ ከውስጥ።

ይህ ሁሉ መኪናው ቆሞ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ያው 52 ኪሎ (ሁለቱ ብስክሌቶችና መጫኛው) ለቅጽበት ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆኖ ይወርዳል። አንዳንድ የመጫኛ አምራቾች ከአስፋልት ውጭ የሚፈቀደውን ጭነት በግማሽ የሚቀንሱት፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ የሚከለክሉት በዚህ ምክንያት ነው። የተዘጋጀ መጫኛ የሚገዛ ሰው መመሪያው ላይ ያንን መስመር ፈልጎ ያንብብ። ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የአስፋልት ነው።

የመኪናውም ሚዛን ይለወጣል። ጭነቱ ከኋላ አክሱ 1.5 ሜትር ይርቃል፣ በሁለቱ አክሶች መካከል 2.7 ሜትር አለ። 52 ኪሎ ከኋላ ስትሰቅል የፊት ጎማዎች 29 ኪሎ ይቀልላቸዋል፣ የኋላዎቹ 81 ይጨመርባቸዋል። አደገኛ ቁጥር አይደለም። ነገር ግን የኋላ ጎማ አየር ትንሽ መጨመር፣ የፊት መብራቱንም አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ አለብኝ፤ አለዚያ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን እወጋለሁ።

ከዚያ የመውጫው አንግል አለ። መኪናው ከጉድጓድ ወይም ከወንዝ ዳርቻ ሲወጣ ከኋላ መሬት ሳይነካ የሚያልፍበት ማለት ነው። ከኋላ ጎማ እስከ መጎተቻው ጫፍ 100 ሳንቲም ነው፣ ከመሬት ከፍታው 50። ይህ 26.6 ዲግሪ ይሰጣል። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚወጣ መጫኛ ጫፉን ወደ 180 ሳንቲም ይወስደዋል፤ አንግሉ ወደ 15.5 ይወርዳል። ይህ ለፎር ዊል በጣም ትንሽ ነው። መጫኛውን በ25 ሳንቲም ከፍ ካደረግኩት 22.6 አገኛለሁ። ትክክለኛው መስመር የጎማውን ጠርዝ ነክቶ የሚያልፈው ስለሆነ እውነተኛው አንግል ከዚህ ትንሽ ይበልጣል፤ ለማነጻጸር ግን ይበቃል። ስለዚህ ቱቦው እንደወጣ ወደ ላይ ይታጠፋል።

ሰኞ ማታ፦ ዕቃ

ለዋናው ግንድ 50 በ50 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ የሆነ ካሬ ቱቦ። በሜትር 7 ኪሎ ገደማ ነው። ለአግዳሚዎቹ 40 በ40፣ ውፍረቱ 3፤ ይህ በሜትር 3.4 ኪሎ ነው። ግንዱ ላይ ብረት አልቆጥብም፣ አግዳሚው ላይ ግን እቆጥባለሁ፤ ርቆ የሚቀመጥ ኪሎ ውድ ነውና።

ጎማ የሚያቅፉትን ክንዶችና ጎማው የሚቀመጥባቸውን ገንዳዎች ተዘጋጅተው የሚሸጡትን ገዛሁ። እነሱን በእጅ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ጥርስ ያለው መቆለፊያ እቤት ሠርቶ ኮረኮንች ላይ ማመን ይከብደኛል።

ብስክሌቱ በጎማው እንዲያዝ የወሰንኩት ገና ከጅምሩ ነው። ፍሬሙን አንቆ የሚይዝ መጫኛ ለአሮጌው ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ ነበር የታሰበው። የዛሬ የተራራ ብስክሌት የኋላ አሞርዛተር አለው፣ ቱቦውም የተጣመመ ነው፤ አንዳንዱ ካርቦን ነው። ካርቦን በርዝመቱ ብርቱ ነው፣ ከጎን ሲጨመቅ ግን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ከቀለሙ ሥር ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ጎማ ግን ለመመታት የተሠራ አካል ነው። በእሱ ይያዝ።

ረቡዕ፦ ብየዳ

ጥቁሩን፣ ማለትም ዚንክ ያልተቀባውን ቱቦ ነው የወሰድኩት። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል። ያንን የተነፈሰ ሰው ማታ እንደ ወባ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል። ሌላ ብረት ካልተገኘ ልባጩ ከብየዳው አካባቢ በደንብ ተሞርዶ ይነሣ፣ ሥራውም ነፋስ ባለበት ይሁን።

በያጁ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሥዕሉን ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀኝ መታጠፊያውን ነው። «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ቱቦውን በቱቦ ላይ አቁመን ብቻ ከበየድነው ጉልበቱ ያለው መስመሩ ላይ ነው። ከግራና ከቀኝ ሦስት ማዕዘን ላሜራ እንልበስለት» አለኝ። ባለ 6 ሚሊ ላሜራ ቆርጠን በሁለቱም ጎን አለበስነው። አሁን ጭነቱ በአንዲት የብየዳ መስመር ላይ አይቆምም፣ በላሜራው ርዝመት ይከፋፈላል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ምንም ብየዳ እንዳይነካ ተስማማን። ቱቦው ከመጎተቻው የሚወጣበት ጠርዝ ነው። ጥምዘዛው የሚበረታው እዚያ ነው። ብየዳ ደግሞ በዙሪያው ያለውን ብረት በሙቀት ይለውጠዋል፣ ድካም የሚያመጣው ስንጥቅም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከብየዳ ጠርዝ ነው። በያጁ የደኅንነት ሰንሰለቱን መያዣ ቀለበት እዚያ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ ወደ ኋላ ገፋነው።

ብየዳው ሁሉ መኪናው ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ነው የተሠራው። መኪና ላይ መበየድ ግድ ከሆነ የባትሪው ኔጋቲቭ መነቀል አለበት፤ ያለዚያ ኤሌክትሮኒክሱ ሊቃጠል ይችላል።

የቱቦዎቹን ጫፍ ዘጋን፤ ከሥር በኩል ግን ትንሽ ቀዳዳ ተውንላቸው። የገባ ውሃ መውጫ ካላገኘ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከዚያ አንቲረስት፣ በላዩ ጥቁር ቀለም። ሲመዘን 18.5 ኪሎ ሆነ። ከግምቴ ግማሽ ኪሎ አልፏል፤ ላሜራው ነው፣ አልቆጨኝም።

ዓርብ፦ መነቃነቅ

ዛሬ ሙሉ ቀን የሄደው አንዲት ሚሊ ሜትር ላይ ነው።

የመጎተቻው ቀዳዳ ከ2 ኢንች፣ ማለትም ከ50.8 ሚሊ፣ ትንሽ ይሰፋል። የእኔ ቱቦ 50 ነው። ፒኑም በቀዳዳው ውስጥ ላላ ይላል። ባዶውን መጫኛ ከላይ ይዤ ሳወዛውዘው ከታች የማትታየው ክፍተት ከላይ ሦስትና አራት ሳንቲም ሆና ትወጣለች። ኮረኮንች ላይ ይህ መወዛወዝ ብቻ አይደለም፤ ብረት ብረትን በመዶሻ እንደመምታት ነው። ፒኑ ይበላል፣ ቀዳዳው ይሞላለላል፣ ብሎን ይላላል። ብዙ ሰው መጫኛው የሚሰበረው በክብደት ይመስለዋል። እኔ ግን ትልቁ ጠላት ይህ ምት ነው ባይ ነኝ።

የሠራሁት እንዲህ ነው። ቱቦው ውስጥ በፒኑ ቀዳዳ ትይዩ ባለ 16 ሚሊ ዳዶ አስበየድኩ። ተራው ለስላሳ ፒን በጥርሳም ብሎን ተተካ። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦውን ወደ መጎተቻው አንድ ግድግዳ ስቦ ያጣብቀዋል። ይህ የጎን እንቅስቃሴውን ገደለው። የላይና ታቹን ግን አልነካውም። ለእሱ ባለ ዩ ቅርጽ ብሎን ከጠንካራ ላሜራ ጋር አድርጌ ግንዱንና የመጎተቻውን አንገት አንድ ላይ ጨመቅኳቸው። ሁለቱም ከጠበቁ በኋላ መጫኛውን ስገፋው መኪናው ራሱ በሞላው ላይ ይወዛወዛል። የፈለግኩት ይህንኑ ነው።

ገንዳዎቹን የያዙት ብሎኖች ባለ 12 ሚሊ፣ የጥንካሬ ደረጃቸው 8.8 ነው። በ80 ኒውተን ሜትር አጠበቅኳቸው። ዳዶዎቹ ውስጣቸው ናይለን ያለባቸው ናቸው። በየብሎኑ ራስ ላይ፣ ከብሎኑ እስከ ብረቱ፣ አንድ የቢጫ ቀለም መስመር አሰመርኩ። ብሎን ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። ዓይን አንዴ ሲያልፍበት ያየዋል፣ መፍቻ ማውጣት አያስፈልግም።

በመጨረሻ ሰንሰለት። ከመጫኛው ወደ መጎተቻው የደኅንነት ቀለበት፣ ትንሽ ላላ ብሎ። ሁሉም ነገር ቢከዳ እንኳ መጫኛው ከኋላዬ በሚመጣ ሰው ላይ መውደቅ የለበትም።

ቅዳሜ፦ መብራት፣ ታርጋ፣ አጫጫን

ሁለቱ ብስክሌቶች ሲቆሙ ታርጋውንና የፍሬን መብራቱን ከፊል ይሸፍናሉ። ይህ በብዙ አገር ሕግ ያስቀጣል፤ ከሕጉም በፊት ግን ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ፍሬን መያዜን ማየት አለበት። ለተሳቢ የሚሠራ የመብራት ሰሌዳ ከውጪው ገንዳ ጋር አሰርኩ፤ በባለ 7 እግር ሶኬት ከመኪናው 12 ቮልት ይወስዳል። ታርጋውም እዚያው ይገባል። ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ የማታ መብራት፣ ሁሉንም ሰው አቁሜ አየሁ።

የኋላ ካሜራው ከእንግዲህ የሚያሳየው ጎማ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ስሄድ ሰው ወርዶ ይመራኛል።

የጭስ ማውጫውም አንድ ነገር ያስፈልገው ነበር። ትኩሱ አየር ቀጥታ ወደ ውስጠኛው ብስክሌት የኋላ ጎማ ነበር የሚሄደው። ረጅም ዳገት ላይ ጎማ ያበላሻል፤ ቸርኬው ካርቦን ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ወደ ታች የታጠፈ አጭር ጫፍ ገጠምኩለት።

አጫጫኑ ላይ ልምምድ አደረግን። ውስጠኛው ብስክሌት ወደ ግራ ያያል፣ ውጪኛው ወደ ቀኝ። የመሪያቸው ወርድ 78 ሳንቲም ነው፣ በመካከላቸው ያለው 25 ብቻ። ፊትና ኋላ ካልተደረጉ መሪ ከመሪ ይጋጫል። ወደ መኪናው የሚያየውን ፔዳል ፈታሁት። የግራው ፔዳል ጥርስ ግልባጭ መሆኑን ለማያውቅ ልንገር፦ ወደ ተለመደው አቅጣጫ ስትታገለው እያጠበቅኸው ነው። ኮርቻዎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። የሚወጣና የሚወርደው አብረቅራቂ የኮርቻ ቱቦ ላይ ምንም ማሰሪያ አይታሰርም፤ አንድ ጭረት አቧራ እንዳይገባ የሚዘጋውን ላስቲክ ያበላሻል።

ማሰሪያውን በተመለከተ ክርክር ነበር። አንድ ጓደኛዬ የጭነት መኪናውን ባለ ጥርስ ማጥበቂያ አመጣ። እኔ ግን በእጅ ብቻ የሚሳበውን መረጥኩ። ባለ ጥርሱ ኃይሉ ብዙ ነው፤ እጅ ሳያውቀው ቸርኬ ያጣምማል። ማሰሪያው ወደ ጣራው መደርደሪያ ሲዘረጋ አንዴ ይጠምዘዝ። ጠፍጣፋ ከተተወ ነፋስ ያርገበግበውና እስከ መድረሻ ድረስ ይጮኻል።

እሑድ፦ መንገድ

መጀመሪያ አስፋልት። ምንም የለም። መስተዋት ውስጥ ብስክሌቶቹና መኪናው አንድ ላይ ነው የሚንቀሳቀሱት።

50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቆሜ ብሎኖቹን አየሁ። አዲስ ቀለም ከብሎን ሥር ሲጨመቅ ትንሽ ስለሚሳሳ የመጀመሪያው ማጥበቅ ለዘለቄታው አይሆንም። ሁለቱ ትንሽ ዞሩ። አጥብቄ አዲስ መስመር አሰመርኩ።

ከዚያ ጠጠሩ መንገድ። ስልክ የኋላው መስታወት ላይ አጣብቄ ቪዲዮ አነሳሁ። ይህን ለሁሉም እመክራለሁ፤ ከሹፌር ወንበር የማይታይ ነገር ያሳያል። መጫኛው ጸጥ ያለ ነው፤ ብስክሌቶቹ ግን በራሳቸው ጎማ ላይ ይወዛወዛሉ፣ ውጪኛው በተለይ። ምክንያቱ አየር ነበር። የተራራ ብስክሌት ጎማ ለመንዳት በዝቅተኛ አየር ነው የሚሞላው። በክንድ ሲጨመቅ ይለሰልሳል፣ ክንዱም ይላላል። አየሩን ጨመርኩ፣ ክንዶቹን አጠበቅኩ፣ መወዛወዙ በግማሽ ቀነሰ። መንዳት ስጀምር መልሼ አወጣዋለሁ። የፊት ፍሬን እጀታውንም በላስቲክ ጠፍሬ ያዝኩት፤ ጎማው እንዳይንከባለል።

ትናንሽ ጉብታዎች እንደ ሰሌን የተደረደሩበት ሸካራ መንገድ ላይ ፍጥነት ወሳኝ ነው። ባዶ መኪና በፍጥነት ሲሄድ በጉብታዎቹ አናት ላይ ይንሳፈፋል። ብስክሌት ስትጭን ይህን ዘዴ እርሳው፤ መኪናው ቢመቸውም መጫኛው ምቱን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ዝቅ ብዬ ነዳሁ።

አቧራው ከጠበቅኩት በላይ ነው። ጀርባው ቀጥ ያለ መኪና ሲሄድ ከኋላው የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ አቧራው ተመልሶ ወደዚያ ይሳባል። ብስክሌቶቹ ያሉት እዚያው መሃል ነው። ሙሉ ሸራ ማልበስ መፍትሔ አይመስለኝም፤ ነፋስ ይሞላዋል፣ እየተፋተገም ቀለም ያነሣል። ካቴናውንና የአሞርዛተሩን እግር ብቻ በጨርቅ ሸፈንኩ። ካቴናው ደርቆ ይሄዳል፣ ዘይት የሚቀባው እዚያ ስንደርስ ነው።

ማክሰኞ፦ ፍተሻ

መጫኛውን አውልቄ አጠብኩት። በባትሪ መብራት የብየዳውን ጠርዝ ሁሉ አየሁ፣ በተለይ መታጠፊያውንና ፒኑ ያለበትን። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ወይም የዝገት ጭረት ካለ ስንጥቅ ጀምሯል ማለት ነው። የለም። ቢጫዎቹ መስመሮች ሁሉም ቀጥ እንዳሉ ናቸው። የመጎተቻው የሻንሲ ብሎኖችም እንዲሁ፤ እነሱን መፈተሽ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፣ ጭነቱ በሙሉ ያለው ግን እነሱ ላይ ነው።

ጓደኛዬ ሦስተኛ ገንዳ ጨምረን የእሱም ብስክሌት እንዲመጣ ጠየቀኝ። ቦታ አለ፣ ብረትም ተርፏል። ወረቀቱን አውጥተን አብረን ሠራነው። ሦስተኛው 95 ሳንቲም ላይ ይቆማል። የእሱ 14 ኪሎ ብቻውን 130 ኒውተን ሜትር ይጨምራል፤ አሁን ካለው ጥምዘዛ ግማሽ ያህል ማለት ነው። የመውጫው አንግልም ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል። ቁጥሩን እንዳየ እሱ ራሱ ተወው። ብስክሌቱ ጣራ ላይ ይወጣል፤ 14 ኪሎ ለሁለት ሰው አይከብድም፣ ቅርንጫፍ ዝቅ ያለበት ቦታ ስንደርስ እናወርደዋለን።